እጮኛዬ የሐይቅ ልጅ ነው፣ ፓስፖርቱ ግን የጀርመን፤ የት ብንጋባ ይሻላል?

የሸርፍ ተራዋ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩን ያለፈበት ሰው እዚህ አይጠፋም ብዬ ነው የምጽፈው።

እኔ ደሴ ነው የምኖረው። ሸርፍ ተራ ልብስ ቤት እሠራለሁ። እጮኛዬ ተወልዶ ያደገው ሐይቅ ነው። ኑርንበርግ ከገባ ግን ቆይቷል፤ የጀርመን ዜግነትም ወስዷል። እኛ አገር ጥምር ዜግነት ስለሌለ በሕግ የውጭ ዜጋ ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ «የሐይቅ ልጅ ምን ሲደረግ ነው ፈረንጅ የሚሆነው?» ብሎ በጣም ሳቀ። እኔም ስቄ ነበር፣ ቀበሌ እስክሄድ ድረስ።

ሽማግሌ ተልኳል። ሁለቱም ቤተሰብ ተስማምቷል። የቀረው ወረቀቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሽማግሌው ባሰ።

ቤተሰብ ኒካሑ እዚሁ ደሴ ይታሰር ይላል። አያቴ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ጀርመን ድረስ የምትሄድ ሰው አይደለችም። እሱ በበኩሉ ኑርንበርግ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ጠይቆ እዚያ መጋባትም እንደምንችል ነግረውታል። የሱቅ ጓደኞቼ መላ አምጥተዋል፦ ኒካሑን እዚህ እሰሩ፣ አታስመዝግቡት፣ ከዚያ ያላገባ ማስረጃ አውጪና ጀርመን ሄዳችሁ በማዘጋጃ ቤት ተጋቡ። ሁሉም ደስ ይለዋል ይላሉ። ያስኬዳል?

ሌላው የልደት ወረቀቴ ነው። የተወለድኩት ጥር 5፣ 1988 ነው። ፓስፖርቴ ላይ ጃንዋሪ 14፣ 1996 ይላል። የልደት ሰርተፊኬቴ ላይ ደግሞ ጃንዋሪ 13። ለጸሐፊው ሳሳየው «አንድ ቀን ምን አላት?» አለኝ። የአባቴ ስም እንድሪስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንዱ ላይ በ«ኢ» ይጀምራል፣ ሌላው ላይ በ«አይ»።

ደግሞ የጀርመንኛ ፈተና አለብሽ ይሉኛል። እውነት ነው? እኔና እሱ የምናወራው በአማርኛ ነው። ባሌን በጀርመንኛ ልቆጣው ነው?

የባቲ ልጅ (ሻርጃ)

ማሻ አላህ እህቴ፣ አላህ ያግራላችሁ። ብዙ አታካብጂው።

እኔ እዚህ ስጋባ የባለቤቴ አባት ባቲ ነበሩ። ወሊይ (ሙሽሪትን የሚድር ሰው) ሆኖ እንዲቀርብ እዚህ ላለው አጎቷ ውክልና ሰጡ። ውክልናው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማህተም ተመታበት፣ ኤምባሲ ደረሰ፣ ወደ ዐረብኛ ተተረጎመ። የጤና ምርመራ አደረግን፤ እዚህ ግዴታ ነው። ወሊዩና ሁለት ምስክር ቀረቡ፣ ታሰረልን፣ አለቀ። ያን ቀን ማታ ሥራ ገብቻለሁ።

ጓደኞችሽ ያሉሽን አድርጊ። ኒካሕ የአላህ ነው፣ ወረቀት የመንግሥት ነው። ያልተመዘገበውን ማን ያውቃል?

የቦርከናዋ (ሽቱትጋርት)

የባቲው ወንድሜ፣ አክብሬህ ነው፣ ግን ይህችን ልጅ ገደል አትክተታት። ሻርጃ ኒካሑ ራሱ የመንግሥትም ጋብቻ ነው። እዚህ እንደዚያ አይደለም። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1876 ጀምሮ የሚቆጠረው በመንግሥት መዝገብ ሹም ፊት የተፈጸመ ጋብቻ ብቻ ነው። ቢሮው ሽታንደስአምት ይባላል። መስጊድ ውስጥ ብታስር፣ ቤተ ክርስቲያን ብትሞሸር ለእነሱ የግል ጉዳይህ ነው።

እህቴ፣ አሁን ወደ አንቺ። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ባለቤቴ የዚህ አገር ሰው ነው። አንቺ ልትገቢበት ያለሽውን በር አልፌበታለሁ፣ ስለዚህ ፊት ለፊት ልንገርሽ። የጓደኞችሽን መላ እርሺው።

ደሴ ላይ ኒካሕ ካሰርሽ አግብተሻል። በቃ። የእኛ ሕግ ሦስቱንም ጋብቻ ያውቃል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት፣ በባህል። ሲመዘገብ ማስረጃ ይኖርሻል እንጂ ባይመዘገብም ጋብቻው ጋብቻ ነው። ጀርመኖቹ ደግሞ ውጭ አገር የተፈጸመ ጋብቻ በዚያው አገር ሕግ ከጸና ይቀበሉታል። ስለዚህ ኒካሕ አስረሽ «አላገባሁም» ብለሽ ስትፈርሚ የምትዋሺው ለሁለት መንግሥት ነው።

ማን ያውቃል ላልከው፦ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የጀርመን ኤምባሲ የኢትዮጵያን ሰነድ ማህተም አይቶ ብቻ አያጸድቅም። ኑርንበርግ ያለው ቢሮ ሲጠይቅ ኤምባሲው ጠበቃ ይልካል። ጠበቃው መዝገቡን ያያል፣ ጎረቤት ያናግራል። የሸርፍ ተራ ሰው ደግሞ የተጠየቀውን ብቻ መልሶ የሚያቆም መስሎሻል? «አዎ እናውቃታለን፣ ሰርጓ ላይ በልተናል፣ ባሏ ጨዋ ልጅ ነው፣ ቁጭ በሉ ቡና ደርሷል» ነው የሚለው። ሊጠቅምሽ ብሎ ነው።

ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ ደሴ ተጋብታችሁ በባለትዳርነት ቪዛ ትጠይቂያለሽ። ወይ በእጮኛነት ቪዛ መጥተሽ ኑርንበርግ ትጋቢያለሽ፤ ኒካሑ ከማዘጋጃ ቤቱ በኋላ ይሆናል። ሁለቱንም ደራርቦ መሄድ የለም።

እኔ የሄድኩት በሁለተኛው ነው። ከቤተሰብ ማንም አልነበረም፤ እናቴ በስልክ ነው እልል ያለችው። ከባለቤቴ ጋር የጋብቻ ጥያቄ ለማስመዝገብ እኔ ኮምቦልቻ ሆኜ ውክልና ልኬለት ነው እሱ የቀረበው። ልደት፣ ያላገባ ማስረጃ፣ የነዋሪነት ማስረጃ፣ የፓስፖርት ኮፒ፣ ሁሉም እዚህ ቃለ መሐላ በፈጸመ ተርጓሚ ተተረጎመ። ከዚያ ፋይሉ ከሽታንደስአምት ተነስቶ ኦበርላንደስገሪሽት ወደሚባል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄደ። ምክንያቱም የጀርመን ሕግ እዚህ የሚያገባ የውጭ ዜጋ ከአገሩ «ለማግባት እንቅፋት የለበትም» የሚል በእነሱ ልክ የተሰፋ ወረቀት እንዲያመጣ ይፈልጋል። የእኛ ያላገባ ማስረጃ ያንን ስለማይተካ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ከግዴታው ነጻ ሊያደርግሽ ይገባል። ያ ፈቃድ ደግሞ 6 ወር ብቻ ነው የሚያገለግለው። በ6 ወር ውስጥ ቪዛ አግኝተሽ፣ መጥተሽ፣ ካልተጋባሽ ጊዜው ያልፋል። እኛ አገር መንገድ ሲዘጋና ኔትወርክ ሲጠፋ 6 ወር ምን ያህል አጭር እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም።

የስም ነገር ደግሞ አለ። የሽታንደስአምቷ ሴትዮ ወረቀቴን እያገላበጠች «የቤተሰብ ስምሽ የቱ ነው?» ትላለች። የአባቴን ስም ነገርኳት። «እሺ፣ ታዲያ የአባትሽ የቤተሰብ ስም ለምን ሌላ ሆነ?» የአያቴ ስለሆነ ነዋ። «የእናትሽስ?» የራሷ አባት። ዝም ብላ ቆየችና በትሕትና «ወላጆችሽ አልተጋቡም ማለት ነው?» አለችኝ። ድል ባለ ሰርግ የተዳረችው እናቴ ይህን ብትሰማ ጉድ ነበር! ወረቀት ተቀብዬ የዘር ሐረግ ሣልኩላት። ተርጓሚሽ ከትርጉሙ ስር ስለ ስማችን አጭር ማብራሪያ እንዲጽፍ አድርጊ፣ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ለአንቺ ግን እኔ ብሆን ደሴን ነው የምመርጠው። አያትሽ አሉ፣ ቤተሰብ ፈልጓል፣ እሱም የወሎ ልጅ ነው። ደሴ ላይ የውጭ ዜጋው እሱ ስለሆነ ከጀርመን ወረቀት የሚያመጣውም እሱ ነው። ወረቀቱ ኤሄፌሂሽካይትስጾይግኒስ ይባላል። ስሙን ለመጥራት ራሱ ፈተናውን ማለፍ ይጠይቃል። የሚሰጠው እሱ የሚኖርበት ከተማ ሽታንደስአምት ነው፤ እሱም የሚያገለግለው 6 ወር ነው። ግን አትሳሳቺ፣ ያንን ለመስጠት የአንቺንም ወረቀቶች ያያሉ። ስለዚህ የልደት ሰርተፊኬቱን ችግር በየትኛውም መንገድ አታመልጪውም።

ፈተናው እውነት ነው። ኤ1 ይባላል፣ የመጀመሪያው ደረጃ። አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት ይሰጣል። የሚገርምሽ፣ እጮኛሽ ዜግነት ሳይወስድ ብሉ ካርድ በሚባለው የሠራተኛ ፈቃድ ቢኖር ኖሮ አይጠየቅሽም ነበር። ዜጋ በመሆኑ ነው የተጠየቅሽው። ለምን አትበይኝ፣ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። ዛሬውኑ ማጥናት ጀምሪ፣ ባልሽን የመቆጣቱ ነገር ከኤ2 በኋላ ነው።

ጡረተኛው መዝጋቢ (ወልድያ)

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ ወሳኝ ኩነት ቢሮ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። እህታችን ከሽቱትጋርት ያለችው ትክክል ነው። እኔ የማውቀውን የኛን በኩል ልጨምር።

በመጀመሪያ ያቺ «አንድ ቀን»። ፓስፖርትሽ ነው ልክ። ሰርተፊኬቱ ነው የተሳሳተው። ምክንያቱ ጳጉሜ ነው። የ1987 ጳጉሜ 6 ቀን ነበረች። ስለዚህ የ1988 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ላይ ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። ፈረንጆቹም በ1996 ፌብሩዋሪ 29ን ሲጨምሩ ነው የሚስተካከለው። ማረጋገጥ ከፈለግሽ የዚያን ዓመት ጥምቀት ፈልጊ። ጃንዋሪ 20 ነው የዋለው፣ 19 አይደለም። ጥር 11 ጃንዋሪ 20 ከሆነ ጥር 5 ጃንዋሪ 14 ነው። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልዩነት እየደመረ የሚጽፍ ጸሐፊ ይህን ይስታል። ከአራት ዓመት አንዴ የሚመጣ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። ጀርመን ያለው ሰውዬ ግን ሁለት የተለያየ የልደት ቀን ያላት አንዲት ሴት ነው የሚያየው።

ስለዚህ ወረቀቱን የሰጠሽ ቢሮ ሄደሽ በጽሑፍ አመልክቺ። የፓስፖርቱን ኮፒ አያይዢ። የኢትዮጵያው ቀን መዝገቡ ላይ ጥር 5 ተብሎ ካለ የተበላሸው የፈረንጁ ቀን ብቻ ነው፣ የጸሐፊ ስህተት ነው፣ አትፍሪ። «አንድ ቀን ምን አላት» ካለሽ ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገቢና ቁጥር ተቀበዪ። በቃል የተጠየቀ ነገር ይረሳል፤ ቁጥር ያለው ደብዳቤ ግን መልስ ይፈልጋል። ስም ወይም ዕድሜ ከነጭራሹ የሚቀየር ከሆነ ጉዳዩ የፍርድ ቤት ነው፤ የአንቺ እዚያ አይደርስም።

የአባትሽን ስም በተመለከተ ፓስፖርቱን ተከተዪ። ፓስፖርት ላይ በ«ኢ» ከሆነ ሁሉም በ«ኢ» ይሁን። ያላገባ ማስረጃውንም፣ ነገ የምታወጪውን የጋብቻ ሰርተፊኬትም። ከማስፈረምሽ በፊት ፊደል በፊደል አንብቢው። የፋይዳ መታወቂያሽንም እይ። ወሎ ውስጥ ይማሙም፣ ሰይዱም፣ እንድሪሱም በላቲን ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ነው።

ሌላ ሊያስጠረጥርሽ የሚችል ነገር አለ። የልደት ወረቀትሽ የተመዘገበበት ቀን ከተወለድሽበት በብዙ ዓመት ይርቃል። የእኛ አገር ምዝገባ በዘመናዊ መልክ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ሰው ዘግይቶ ነው የተመዘገበው። ይህ ጥፋት አይደለም። ግን ደጋፊ ማስረጃ ቢኖርሽ ይሻላል፦ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት። እኛ ሰፈር ሰው ይህንንም አጥቷል። በ2014 ጦርነት ጊዜ ስንት መዝገብ ቤት ተዘረፈ፣ ስንቱ ፋይል ሜዳ ላይ ተበተነ። ሰው የራሱን ልደት በምስክር ሲያስረዳ አይቻለሁ። የአንቺ መዝገብ ካለ አላህን አመስግኚ።

ደሴ ከተጋባችሁ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ። ሰርተፊኬቱ ላይ ጋብቻው የተፈጸመበት ቀንና የተመዘገበበት ቀን ለየብቻ ቦታ አላቸው። የኒካሑ ቀን በመጀመሪያው ላይ ይግባ። ሁለቱን የሚያደበላልቅ ጸሐፊ ስላለ አጠገቡ ቆመሽ እይው።

የባቲ ልጅ (ሻርጃ)

እሺ ተረታሁ። ጋሼ፣ የጳጉሜዋን ነገር ግን ዛሬ ነው የሰማሁት። የልጄን ልደት ልፈትሽ ነው።

የሸርፍ ተራዋ (ደሴ)

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ለአባቴ አነበብኩለት። «እኚህን ሰው ቀበሌያችን ይመልሷቸው» አለ።

ከእጮኛዬ ጋር ተነጋገርን። ደሴ ሆኗል። ኒካሑም ምዝገባውም እዚሁ። ግን ትናንት በደስታ የነሐሴ ትኬት ቆርጫለሁ አለኝ። ያ ስሙ የማይጠራው ወረቀት እስከዚያ ይደርሳል? ደግሞ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አለው፣ እሱ አይረዳም?

የቦርከናዋ (ሽቱትጋርት)

ወይ ወንዶች! ትኬቱን መቀየር የሚቻል ከሆነ ይቀይረው። ትኬት የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ የልደት ሰርተፊኬትሽ ይታረም። ከዚያ ያላገባ ማስረጃሽን አውጪ፤ ቀድመሽ አታውጪው፣ እነሱ የቆየ ያላገባ ማስረጃ አይወዱም። ሁለቱንም አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ አስመትተሽ ላኪለት። እሱ ያስተረጉምና ለሽታንደስአምት ያስገባል። እነሱ «ይበቃናል» ወይም «በኤምባሲ ይጣራ» ይላሉ። ይጣራ ካሉ ወራት ይወስዳል፣ ሰርግ ቤት አትከራዩ። ወረቀቱ እጁ ሲገባ ያን ጊዜ 6 ወር አላችሁ፣ ትኬትም ድንኳንም ያን ጊዜ።

ቢጫ ካርዱ ያለ ቪዛ ያስገባዋል እንጂ ዜጋ አያደርገውም። መዝገብ ሹሙ ፊት የሚቀርበው በጀርመን ፓስፖርቱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ። ኤምባሲው ከተጠራጠረ አንቺ አዲስ አበባ፣ እሱ ኑርንበርግ በአንድ ቀን ለየብቻ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። መቼ ተዋወቃችሁ፣ ሽማግሌ ማን ነበር፣ ሰርጉ ላይ ምን ተበላ። እናንተ የምትደብቁት የለም፣ ግን ወንዶች ቀን አይዙም። የእኔ ባል የተዋወቅንበትን ወር ሲጠየቅ «ሙቀት ነበር» ብሎ መልሷል። ኮምቦልቻ መቼ ነው ሙቀት የሌለው?

የሸርፍ ተራዋ (ደሴ)

ሃሃ፣ የእኔማ የልደቴንም ቀን አይዝም፣ አሁን ደግሞ ሁለት ሆነበት።

ትኬቱን ገፍቶታል። እኔም ማመልከቻዬን ጽፌአለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የታረመው ሰርተፊኬት እንዳይበላሽ ላሚኔት ላስደርገው?

ጡረተኛው መዝጋቢ (ወልድያ)

በፍጹም ልጄ! የውጭ ጉዳይ ማህተም የሚመታው ወረቀቱ ላይ ነው፣ ፕላስቲክ ላይ አይመታም። ላሚኔት ከሆነ እንደ አዲስ አውጪ ነው የሚሉሽ። በክላሰር ያዢው።